ዶኛ ብሪሂዳ ያልሰማችው

ስለ ዶኛ ብሪሂዳ ኦኬንዶ የሚወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ሲጋር ታጨስ ነበር ይላሉ። ማን የማያጨስ ነበር? ካዬይ ከተማ ውስጥ ሲጋር ያላጨሰ ጳጳሱ ብቻ ነው፣ እሱም መጥቶ ስለማያውቅ ነው። አብዳ ነው የሞተችው ይላሉ፤ ውሸት። ወንድ ትጠላ ነበር ይላሉ፤ ይሄም ውሸት። ሴቶቹ እንኳ አልሰሟትም፣ ብቻዋን ስትጮህ ኖራ ሞተች ይላሉ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከፋል፣ ምክንያቱም እሷም ራሷ አምናው ነበር። ያሳመንናት እኛ ነን። ከሁላችንም ደግሞ እኔ።

እኔ ኤውሎሂያ ነኝ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ትምባሆ ቤት ጅማት ነቃይ ነበርኩ። ሥራው ላየው ቀላል ነው። የረጠበውን ቅጠል ጭንሽ ላይ ትዘረጊዋለሽ፣ የመሐሉን ጅማት ከጫፉ ይዘሽ ቅጠሉን ሳትቀጂ ትስቢዋለሽ፣ ግማሹን በቀኝ ግማሹን በግራ ትደረድሪዋለሽ። ከጠዋት እስከ ማታ ይሄው ነው። የሴት ሥራ ነው ይባላል። ወንዶቹ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ፣ በሰፊው አዳራሽ፣ በረድፍ ተቀምጠው ሲጋሩን ይጠቀልላሉ። እነሱ መስኮት አላቸው፣ እኛ በር አለን።

በወንዶቹ መሐል ከፍ ያለ ወንበር አለ፣ አንባቢ የሚቀመጥበት። ጠዋት ጋዜጣ ይነበባል፣ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ። መጽሐፉን የሚመርጡት ወንዶቹ ናቸው፣ እጅ አውጥተው። እኛ በግድግዳው ስንጥቅ የሚመጣልንን እንሰማለን። የነገሥታቱን፣ የወንበዴዎቹን፣ ባሏን ስትጠብቅ ያረጀችውን፣ ሁሉንም እናውቃለን። ፊደል የቆጠሩ ከስልሳችን ሁለት ቢገኙ ነው፣ ግን የሰማነው አይወድቅብንም ነበር። እጅሽ ሲሠራ ጆሮሽ ሥራ ፈት ነው፣ የገባለትን ሁሉ ያስቀምጣል።

አሁን የምነግርሽን ልብ በይ። ወንዶቹ ቅጠል የሚቆርጡበት እጀታ የሌለው ጠፍጣፋ ቢላ አላቸው። ንባቡ ደስ ሲላቸው ጠረጴዛውን በቢላቸው ይመቱታል፣ መቶ ሰው ባንዴ ሲመታ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ካልጣማቸው ደግሞ ቢላዋን መሬት ላይ ይጥሏታል። ከዚያ በላይ ስድብ የለም። እኛ ቢላ የለንም። ማጨብጨብም አይሆንም፣ ጭናችን ላይ ቅጠል አለ፣ ቅጠል ከተቀደደ ደግሞ ዶኛ ካሲልዳ አለች። ዶኛ ካሲልዳ አለቃችን ነበረች፣ ነፍሷን ይማር፣ ምላሷ ከወንዶቹ ቢላ ሁሉ ይስል ነበር። ስለዚህ የራሳችን ልማድ ነበረን። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ እኔ ስገባ ደርሼበታለሁ። ነገሩ ልባችንን ሲነካው እጃችንን እናቆማለን። ሁላችንም ባንዴ። ስልሳ ሴት ጅማት ስትነቅል የሚሰማ ድምጽ አለው፣ ካፊያ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ያለ። እሱ ቀጥ ይላል። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ካሲልዳ እንኳ ለዚህ ተቆጥታ አታውቅም፣ እሷም አብራን ታቆም ነበር። እኛ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ይመስለን ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ላለ ሰው ግን ያው ዝምታ ነው።

ብሪሂዳ የመጣችው የድሮው አንባቢ ድምጹ ሲዘጋ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ አባቷ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፣ እናት የላትም። ሴት አንባቢ ታይቶ አይታወቅም። ገና በበሩ ስትገባ አንዱ ቀልደኛ፣ «እመቤት፣ ወንበሩ ከፍ ይላል፣ መሰላል እናምጣልሽ?» አላት።

«መውጣቱን ለኔ ተወው» አለችው። «አንተ ይልቅ አንገትህን ወደ ላይ ማቅናት ተለማመድ፣ ከዛሬ ጀምሮ ያስፈልግሃል።»

ቢላው ሁሉ ጠረጴዛ መታ። እኛ እጃችንን አቆምን። እሷ ቢላውን ሰማች።

አምስት ዓመት አነበበችልን። ድምጿ ወፈር ያለ ነበር፣ ቃሉን አትቸኩልበትም፣ የሚያስለቅሰው ላይ ስትደርስ ራሷ አታለቅስም። ማታ ስትወጣ በኛ በር ነበር የምታልፈው። ቆም ትልና «ደህና ዋላችሁ ወይ ሴቶች?» ትላለች። እኛ ምን እንል? ኮፍያ አድርጋለች፣ ጫማዋ ዘለበት አለው፣ ጋዜጣ ላይ ስሟ ይወጣል። እኛ እስከ ክንዳችን ቡናማ ነን። «እግዜር ይመስገን ዶኛ» ብለን አንገታችንን እንደፋለን። ትንሽ ትጠብቅና ትሄዳለች። ደግሞ ያን ጊዜ እርስዎ ነበር የምላት። አንቺ ማለት የጀመርኩት ከሞተች በኋላ ነው፣ ማን ይከለክለኛል አሁን።

መጽሐፏን ሦስት ዓመት ጻፈችው። «ስላልተጠየቀችው» ይላል ርዕሱ። ዋና ከተማው ሳን ሁዋን ታትሞ በሣጥን መጣ። በአዳራሹ እንዲነበብ ስትጠይቅ ወንዶቹ ተከራከሩ፣ አንባቢ የራሱን አያነብም የሚል ነበር፣ የሴት ነገር ምን ያደርግልናል የሚል ነበር። በሦስት ድምጽ ብልጫ ተፈቀደላት፣ ለአንድ ሳምንት። እጃቸውን ካላወጡት አንዱ ፉልሄንሲዮ ነው፣ ባሌ። ተጋብተን ገና ስምንት ወራችን ነበር፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፉልሄንሲዮ መልከ መልካም ነበር፣ መልካምነቱ ግን እዚያው መልኩ ላይ አልቋል።

ሰኞ ተጀመረ። እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «ሴት በተፈጥሮዋ ታዛዥ ናት ይላሉ። ተፈጥሮዋ ከሆነ ገመዱ ለምን አስፈለገ? ድንጋይ እንዳይሸሽ ብሎ ድንጋይን ማን ያስራል?» እጄ ራሱ ቆመ። ቀና ስል ኦብዱሊያም እጇን አቁማለች፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ፣ ሁሉም አቁመዋል። ማክሰኞ ደግሞ፣ «ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ጥያቄ ያልተጠየቀችን ሴት፣ መልስ የላትም ብሎ መስደብ ጉድጓድ ሳይቆፍሩ ውኃ የለም እንደማለት ነው» አለች። ወይ ጉድ! ስንት ጊዜ ነው ያን ቀን ያቆምነው። ካሲልዳ «ዛሬ እኮ ሥራ አልሠራንም» አለች፣ ግን አልተቆጣችም።

ረቡዕ አንድ ቢላ መሬት ወደቀ። የማን እንደሆነ ማታ ቤት ገብቶ ራሱ ነገረኝ፣ ሩዙን እየበላ፣ እየሳቀ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አይደል የሚባለው፣ ሐሙስ ሃያ ሠላሳ ቢላ ወደቀ። እሷ አንድም ቃል አልዘለለችም።

ዓርብ የመጨረሻው ምዕራፍ ነበር። ለኛ የተጻፈ ነው። እስከ ዛሬ ይሰማኛል። «ከግድግዳው ወዲያ ያላችሁ እህቶቼ፣ ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ወንዶቹ ቢላቸውን ይጣሉ፣ የጠበቅሁት ነው። እኔ የምጠይቀው እናንተን ነው። አላችሁ?»

አላችሁ አለችን! ስልሳችንም እጃችንን አቆምን። ቅጠል አልተንኮሻኮሸም፣ ሰው አላሳለም። ካሲልዳ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፣ አልጠረገችውም። እንዲያ ያለ ክብር ለማንም ሰጥተን አናውቅም፣ ለንጉሥም ለወንበዴም። ከወዲያ በኩል አንድም ቢላ አልተመታም። ቆየ፣ በጣም ቆየ። ከዚያ መጽሐፉ ሲዘጋ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ጫማዋ ደረጃውን ሲወርድ።

በኛ በር አላለፈችም። በወንዶቹ በኩል ወጣች። እኛ ደስ ብሎን ነበር እኮ! ኦብዱሊያ «አለቀሰች ይሆናል፣ ማንባቷን እንዳናይ ነው» አለችኝ። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ሰኞ ወንዶቹ ሌላ አንባቢ መረጡ።

ሁለት ሳምንት ሆኖት ይሆናል፣ ገበያ አገኘችኝ። አረንጓዴ ሙዝ እየመረጥን ነበር፣ ፉልሄንሲዮ ከኋላዬ ሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ከነጋዴው ጋር ይከራከራል። ያቺን ሴትዮ ስሟን ከአፍሽ ብሰማ ብሎ ዝቶብኝ ነበር፣ ዛቻውን ደግሞ ካንዴም ሁለቴ በእጁ አሳይቶኛል።

«አንቺ ጅማት ነቃይዋ አይደለሽም?» አለችኝ።

«ነኝ ዶኛ ብሪሂዳ።»

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምም። የዚያን ዓርብ ወጥታችሁ ነበር እንዴ? ወይስ እንቅልፍ ጣላችሁ?» ሳቀች። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ያኔ ነው የገባኝ። አላወቀችም! አምስት ዓመት ሙሉ ስናቆምላት አንድ ቀን አላወቀችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው፣ «ስንወድልዎት ነው ዝም የምንለው» ማለት። አፌ ላይ ነበር። ከኋላዬ የፉልሄንሲዮ ክርክር አለቀና ጸጥ አለ፣ ጆሮውን እንዳቆመ በጀርባዬ ታወቀኝ።

«ሥራ በዝቶብን ነበር ዶኛ» አልኳት። «አልሰማንም።»

«አይ፣ ልክ ነሽ» አለች። «ሥራ ነው።» ትከሻዬን መታ መታ አድርጋኝ ሄደች፣ ሙዙን ሳትገዛ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ወለምታ አይደለም፣ አስቤ ያልኩት ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ? መጽሐፉ በቃላችን ከኛ ጋር ቀረ። ከምሳ በኋላ አዲሱ አንባቢ አሰልቺ ነገር ሲያነብ ካሲልዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እስቲ ያቺን የገመዱን በሉልኝ» ትላለች። አንዷ ትጀምራለች፣ አንዷ ትቀበላለች። አዲስ የምትገባ ልጅ መጀመሪያ ጅማት መንቀል ትማራለች፣ ቀጥሎ ዶኛ ብሪሂዳን። ኦብዱሊያ ባሏን ጥላ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ «ድንጋይን ማን ያስራል?» ብላው ነው የወጣች። ሰውየው ምን እንዳለችው እስኪሞት አልገባውም። የተረሳ ቦታ ሲኖር ያልረሳችው ትሞላዋለች። ሁላችንም የረሳነው ሲሆን ደግሞ አንዷ ከራሷ ትሞላዋለች። አብዛኛውን ጊዜ እኔ ነበርኩ።

ታዲያ ለእሷ ማን ይንገራት? ሌሎቹ ታውቃለች ብለው ነው የሚያምኑት። ገበያ ላይ ያልኳትን ለማንም አልተነፈስኩም። እሷ ደግሞ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች። ጋዜጣ ላይ መጻፏን ተወች። ሰዉ ኮራች አለ፣ ኋላም አበደች አለ። እኛ ናቀችን ብለን፣ እሷ ናቁኝ ብላ፣ ዓመቱ በላያችን ላይ አለፈ።

የምትኖረው ከኔ ሁለት ጎዳና አልፎ ነው። ጠዋት ደጇን ስትጠርግ አያታለሁ። ገበያ አንድ ዓሣ፣ አንድ እንቁላል ትገዛለች። አንድ እንቁላል የምትገዛ ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ሻጮቹ ይስቁባታል። ስትመጣ ካየሁ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ለፋሲካ እሄዳለሁ እላለሁ። ፋሲካ ያልፋል፣ ለልደት እላለሁ። ፉልሄንሲዮ ዕድሜውን ሙሉ ሲጋር ሲያጨስ ሳንባው አልቆ ሞተ። አልቅሼ ቀበርኩት፣ ምን ላርግ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አራት ዓመት አልሄድኩም። ያን ጊዜ ማንን ፈርቼ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

በመጨረሻ ኦብዱሊያ መጥታ፣ «ዶኛ ብሪሂዳ ተኝታለች፣ ከአልጋ አትነሳም፣ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ» አለችኝ። ትምባሆ ቤቱ ያን ጊዜ ተዘግቷል፣ ማሽን መጥቶ። ዶሮ አረድኩ፣ ከሩዝ ጋር ቀጠን ያለ ሾርባ ሠራሁ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል ከዚያ ዓርብ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«ኤውሎሂያ ነኝ ዶኛ። ጅማት ነቃይዋ።»

«ጅማት መንቀል ቀርቷል አሉ እኮ።»

«ቀርቷል። እኔ አለሁ።»

«እንግዲያ ግቢ። አይቆለፍም፣ ሌባም አይመጣብኝ።»

ሁለት ወንበር ነበራት። በአንደኛው ላይ አሮጌ ጋዜጣ እስከ መደገፊያው ተቆልሏል። «አራግፊና ተቀመጪ፣ ሰው ስለማይቀመጥበት ነው» አለችኝ። ከስታለች፣ እጇ የዶሮ እግር አክሏል። ያ ወፍራም ድምጿ ግን እንዳለ ነው። ሾርባውን ቀመሰች። «ጨው አትፈሪም አንቺ» አለችኝ። ሦስት ማንኪያ ወሰደች። እኔ ማንኪያውን እያየሁ ነገርኳት። ስለ እጃችን፣ ስለ ልማዱ፣ ስለ ካሲልዳ እንባ፣ መጽሐፉን በቃላችን ስለመያዛችን፣ ገበያ ላይ ስላልኳት። አንድም አላስቀረሁም። ስጨርስ ማንኪያው አየር ላይ ነበር።

«ያ ዝምታ» አለች።

«አዎ ዶኛ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በዚያ ሳምንት ብቻ? አሥራ ሰባት ጊዜ። ቆጥረናል።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ታለቅሳለች፣ ትስመኛለች፣ ይቅር ትለኛለች ብዬ ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠችና ወደ ምድጃው አየች።

«ሁለተኛውን መጽሐፌን ምን እንዳደረግሁት ታውቂያለሽ?»

«ሁለተኛ እንዳለም አላውቅም።»

«እሳት አቀጣጠልኩበት። በንዴት እንዳይመስልሽ። የጥቅምት ዝናብ እንጨቱን አርጥቦት ነበር፣ ደረቅ ነገር ቤቱ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። በቀን ሁለት ሁለት ገጽ። ለማን ብዬ ላስቀምጠው?»

«ውይ ዶኛ!»

«ውይ ትላለች ደግሞ!» ድምጿ ከፍ አለ፣ ከአዳራሹ ወዲህ እንደዚያ ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስቼ ነበር ብዬ ተቀምጫለሁ። ማንም ያልጠየቀኝን ተናግሬ፣ ማንም የማይፈልገውን ጽፌ። ለምጄው ነበር፣ ትሰሚያለሽ? ሰው ስህተቱን ከለመደ አብሮት ይኖራል፣ እንደ ክፉ ባል። አሁን መጥተሽ ልክ ነበሩ ትይኛለሽ። በሾርባ! ይሄን አሁን ምን ላርገው እኔ?»

ፎጣውን እያጣጠፍኩ ልነሳ ስል፣ «ተቀመጪ» አለችኝ። «ልታጽናኚኝ ብለሽ የፈጠርሽው ከሆነ አሁኑኑ አውቃለሁ። እስቲ መጽሐፉን በይው።»

አልኩት። ከመጀመሪያው። ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከንፈሯ ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል። የድንጋዩ ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «እንደዚያ አላልኩም። ‹ለድንጋይ ልጓም የሚያበጅ ማን ነው?› ነው ያልኩት።»

«እኛ ገመድ ነው የምንለው ዶኛ።»

«የናንተ ይሻላል። ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ ሦስተኛው። ስለ እናቶች የሚለውን አልፌ እንዲህ አልኩ፦ «ቅጠሉን ለሁለት የሚከፍለው ጅማቱ ነው ይላሉ። ቅጠሉን ቀና አድርጎ ያቆመውም ጅማቱ ነው። ከኛ ውስጥ ጅማታችንን ከልጅነት ይነቅሉልንና፣ ኋላ ደግሞ ሴት ትልፈሰፈሳለች ይሉናል።»

ከንፈሯ ቆመ። ዓይኗን ገለጠች።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ከየት መጣ?»

አፈርኩ። «ያ ቦታ ተረስቶን ነበር። ባዶ ከሚሆን ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ይሄን ከራስሽ አወጣሽው።»

«አዎ።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ከቆሻሻ ጫማዬ እስከ ራስ ማሰሪያዬ። እንደዚያ ያየኝ ሰው በሕይወቴ የለም፣ ፉልሄንሲዮም በሠርጋችን ቀን አላየኝም።

«ይሄን የምታስብ ሴት ሁለት ጎዳና ማዶ ነበረች» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። ከዚያ ወደኔ፦ «ታዲያ ለምን ብቻዬን ተውሽኝ?»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትመታኝ እንኳ።

«ፈራሁ» አልኳት።

«ማንን?»

«መጀመሪያ ባሌን። ኋላ እርስዎን።»

«እኔን!» ልትስቅ ጀመረችና ሳሏ አቋረጣት። ውኃ ሰጠኋት። ስትጨርስ ጀርባዋን ትራሱ ላይ ጥላ፣ «እኔ እኮ እናንተን ነበር የምፈራው» አለች። «ማታ ማታ በራችሁ ላይ የምቆመው ለምን ይመስልሽ ነበር? አንዲቷ ብቻ ቀና ብላ፣ ዶኛ ግቢ ብትለኝ ብዬ ነው። አምስት ዓመት ቆምኩ። ሁላችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፣ ድሮም የሚያስለቅሰው ላይ አታለቅስም። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ሳሞቀው ከጀርባዬ፣ «ነገ ትመጫለሽ?» አለችኝ። እንደ ልጅ ነው የጠየቀችኝ።

«እመጣለሁ» አልኩ።

አሥራ አንድ ቀን ሄድኩ። ጋዜጣውን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩላት፣ ወንበሩ የኔ ሆነ። ያቃጠለችውን መጽሐፍ በቃሏ ትነግረኝ ጀመር፣ ትንሽ ትንሽ፣ ትንፋሿ እስከፈቀደ። እኔ ተቀብዬ እደግምላታለሁ። ስሳሳት «አይደለም» ትላለች፣ አንዳንዴ ደግሞ «ተይው፣ እንደዚያ ይሁን» ትላለች። ኦብዱሊያን ላምጣት ወይ ስላት፣ «ነገ አምጫት» አለች፣ ኦብዱሊያም መጣች። አንድ ቀን ሦስታችን እስከ ምሳ ተከራከርን፣ ወንድ ልጅ ማልቀስ ከማን ይማራል በሚል። ብሪሂዳ ከትራሷ ቀና ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮህኩባት። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን የለም። ሦስት ምዕራፍ ሰጠችኝ። ስንት እንደነበር ስጠይቃት ዘጠኝ ነው ያለችኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ጠዋት ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር የጠበቀችኝ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

ቄሱ ቸኩሎ ቀበራት። ከትምባሆ ቤቱ የቀረነው ሰባት ሴቶች ነበርን። ኦብዱሊያም ከርማ አረፈች። አሁን ስሟን በትልቁ የጻፉበት የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ተሠርቷል፣ አንዲት ሴትዮ አነበበችልኝ፦ የአንድ መጽሐፍ ደራሲ ይላል። አንድና ሲሶ ነው። ሲሶው እኔ ጋ ነው፣ እሱንም እርጅና እየሸራረፈብኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ቡና እያፈላሁ ለራሴ እለዋለሁ፣ አይደለም የሚለኝ ሰው ግን የለም።

ከቀብር ስመለስ ከእሷ ደጅ ተነስቼ እርምጃዬን ቆጠርኩ። ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም፣ እግሬ ሲሄድ አፌ ይቆጥር ነበር። ደጄ ላይ ስደርስ መቶ ስልሳ ሁለት ሆነ። መቶ ስልሳ ሁለት ብቻ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ተመልሼ እንደገና ቆጠርኩት።